«አንቺ ተቀመጪ»፦ ስለ እርጅናና ስለ አእምሮ ሥራ አማን ላይ የተደረገ ንግግር

ዛሬ ዓርብ ነው። ለአብዛኞቻችሁ ከሳምንቱ የራሳችሁ የሆነችው ቀን ይህችው ናት። ቤተ ክርስቲያን የሚሳምባት፣ ጁምዓ የሚሰገድባት፣ ገንዘብ የሚላክባት፣ ጠጉር የሚሠራባት፣ እንጀራ ጠግበን የምንበላባት ቀን። ከዚህች ላይ ሁለት ሰዓት ቆርሳችሁ ስለ ሰጣችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከመንገዱ ወደዚህ አዳራሽ የሚያወጣውን ደረጃ ስትወጡ በየመሐሉ ቆም እያላችሁ ስትተነፍሱ አይቻችኋለሁ። አማን ኮረብታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ከጀበል ጀበል የሚሄድ ሰው ደረጃ ሳይረግም አይውልም። ዛሬ ግን አትርገሙት፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ የተማርኩት ነርስነት ነው። ወደ ጆርዳን የመጣሁት ግን እንደ ብዙዎቻችሁ የቤት ሠራተኛ ሆኜ ነው፤ የነርስነት ወረቀቴ ሻንጣ ውስጥ ዓመታት ተኝቷል። ከዚያ በኋላ ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ሆነ። የአንጎል ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ ሐኪሞች ጽፈውት ያነበብኩትንና በዓይኔ ያየሁትን ነው። የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ እዚህ አገር የምንኖር ሰዎች ሁለት ካላንደርና ሁለት ሰዓት ስንቆጥር ስለምንውል አትቸገሩበትም።

በአገራችን ሽማግሌ ነገር መርሳት ሲጀምር «ጃጀ» ይባላል። የምንሠራባቸው ቤቶች ደግሞ «ኸርፋን»፣ ሴት ከሆነች «ኸርፋኔ» ይላሉ። ሁለቱም ቃላት በሩን ጥርቅም አድርገው ይዘጋሉ። ጃጀ ከተባለ በኋላ ሐኪም ጋ የሚወስደው የለም፤ ምክር የሚጠይቀው የለም፤ እንግዳ ሲመጣ በእሱ አናት ላይ ስለ እሱ ይወራል። እርጅና አእምሮን ማዘግየቱ እውነት ነው። የሰው ስም ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ እንቢ ይላል፤ መነጽር ግንባር ላይ ሆኖ መነጽር ይፈለጋል። ይህ በሽታ አይደለም። ጨው የት እንዳስቀመጡ መርሳት እርጅና ነው፤ ጨው ለምን እንደሚሆን መርሳት ግን ሌላ ነገር ነው። አርባ ዓመት የኖሩበት ሰፈር መንገድ ሲጠፋ፣ የተበላ ምሳ እንዳልተበላ ሲቆጠር፣ ዕድሜ ልክ የተሠራ ወጥ ቅደም ተከተሉ ሲምታታ፣ ያኔ የመርሳት በሽታ የምንለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። ከመቶ ከ60 የሚበልጡት የሚገኙት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የሀብታም አገር በሽታ የሚመስለን ብዙዎች አለን፤ አይደለም።

የመጀመሪያ ቤቴ እዚሁ አማን፣ ኻልዳ ሰፈር ነበር። ማዳሜ፣ አሠሪዬ ማለቴ ነው፣ ከእናቷ ጋር ነበር የምትኖረው፤ ሰማንያን የተሻገሩ ሴት። የልጅ ልጆቹ «ቴታ» ስለሚሏቸው እኔም ቴታ አልኳቸው። ያኔ አረብኛ አንዲት ቃል አልነበረኝም። ቴታ ወጥ ቤት ወንበር ስበው ይቀመጡና ማንኪያ አንሥተው «ሹ ሃይ?» ይሉኛል፤ ይህች ምንድን ናት? ዝም ስል «መዕለቃ» ይላሉ፤ እኔም «መዕለቃ» እላለሁ። እንደገና «ሹ ሃይ?» ስስት ይስቃሉ፤ ስመልስ ደግሞ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ፈጣሪን ያመሰግናሉ። በስድስት ወር ወጥ ቤቱን ጨረስን፣ በዓመት ቤቱን፣ ከዚያ ጎረቤቱን ማማት ጀመርን። አረብኛዬን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም የምናገረው እንደ ሰማንያ ዓመት አሮጊት ነው ይሉኛል።

ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ አንድ ጠዋት ሻይ ሳቀርብላቸው ማንኪያውን አንሥተው «ሹ ሃይ?» አሉኝ። የድሮው ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ፤ «መዕለቃ፣ ያ ቴታ» አልኩ። ዓይናቸውን ሳየው ግን አልሳቁም። የእውነት እየጠየቁኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሐኪም አያቸው፣ መድኃኒት ተሰጠ፣ ልጆቹ ተሰበሰቡና መመሪያ ወጣ። ከወንበራቸው እንዳይነሡ፣ ወጥ ቤት እንዳይገቡ፣ ቢላ እንዳይነኩ፣ አንቺ አልብሻቸው፣ አንቺ አጉርሻቸው፣ አይድከሙብን። በፍቅር የተባለ ነው፤ እኔም በፍቅር ፈጸምኩት። በአራት ወር ውስጥ ቴታ ዝም አሉ። በሽታው ነው ያስባለን ዝምታ ግማሹ የእኛ ሥራ መሆኑን ያወቅሁት በወይን ቅጠል ነው።

ወረቅ ዳዋሊ፣ ሩዝ የሚሞላበትን የወይን ቅጠል፣ ጠቅልሎ የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ልጆቹ ለምሳ ይመጣሉ ተብሎ አንድ ድስት ሙሉ መጠቅለል ነበረብኝና ቴታ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ። ጥቂት ካዩኝ በኋላ ትሪውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። አንድ ቅጠል አነሡ፤ ሥሩ የወጣበትን ገጽ ወደ ላይ አድርገው መዳፋቸው ላይ ዘረጉት፤ እንጨቱን በጥፍራቸው ቆረጡት። ሩዙን እንደ እርሳስ ቀጭን አድርገው ከታች አጋደሙት፣ ግራና ቀኙን አጠፉ፣ ከዚያ በአውራ ጣት ገፋ እያደረጉ ጠቀለሉት። ትንሿ ጣታቸውን የሚያህል፣ ጥብቅ ያለ ነገር ወጣ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ቀኑ ምን እንደሆነ የማያውቁ ሴት ናቸው፤ የእኔን ስም ከሳምንት በፊት ረስተዋል። ከዚያ የእኔን አንዱን አንሥተው አዩትና «ይህ ዳዋሊ አይደለም፣ ትራስ ነው» አሉኝ። ከወር በላይ ከአፋቸው ያልወጣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ምን ሆኖ ነው? ከመርሳት በሽታ ዓይነቶች አንዱ የሆነው አልዛይመር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሂፖካምፐስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል አካባቢ ነው፤ አዲስ ነገር የሚመዘገብበት፣ መንገድና ቀን የሚያዝበት ቦታ ነው። የእጅ ሙያ ግን የሚቀመጠው እዚያ አይደለም። መፍተል፣ መጠቅለል፣ መስገድ፣ መዝፈን በሌላ የአንጎል ክፍል ስለሚያዙ በሽታው ዘግይቶ ነው የሚደርስባቸው። ቴታ አልዳኑም፤ ዳኑ ብዬ አልዋሻችሁም። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ኖረው ነው ያረፉት። ነገር ግን በእነዚያ ሁለት ዓመታት መሉኺዬ ሲመጣ ቅጠሉን ይለቅሙ ነበር፣ ኩሳ የሚሉት ዝኩኒ ሲመጣ ሆዱን ይፈለፍሉ ነበር፣ እኔንም ይሰድቡኝ ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልግባ። አንድ ሰው አእምሮውን ሲያሠራ ኖሮ በእርጅናው ይጠቅመዋል ወይ? በዚህ ላይ ከተሠሩት ሁሉ እኔን የሚገርመኝ የመነኮሳይያቱ ጥናት ነው። ዴቪድ ስኖውደን የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ በ1986 የጀመረው ሲሆን፣ 678 የካቶሊክ መነኮሳይያት በየጊዜው ለመፈተን፣ ሲሞቱም አንጎላቸው እንዲመረመር ፈቀዱ። መነኮሳይያት መሆናቸው ለተመራማሪው ምቹ ነው፤ የሚበሉት አንድ፣ የሚኖሩት አንድ፣ የሚያጨስ የለ፣ የሚወልድ የለ። ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ወደ ገዳም ሲገቡ የጻፉት የሕይወት ታሪክም በየገዳሙ ተቀምጦ ተገኘ። በወጣትነቷ ሐሳብ የበዛበት ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ የጻፈችው፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ የመርሳት በሽታ የሚይዛት አልፎ አልፎ ሆነ። ከመካከላቸው አንዷ ከመቶ ዓመት በላይ ኖራ ስትሞት ፈተናዋን እስከ መጨረሻ በደህና ነጥብ ስታልፍ ነበር፤ አንጎሏ ሲከፈት ግን የአልዛይመር ምልክት ሞልቶበት ተገኘ። በሽታው ነበረባት፤ እሷ ግን አልታመመችም ማለት ነው። ያኮቭ ስተርን የተባለው ተመራማሪና ሌሎች ይህን የአእምሮ ስንቅ ብለው ያስረዱታል። አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላ መንገድ የሚገኘው፣ ቀድሞ ብዙ መንገድ ለጠረገ ሰው ነው።

ስንቁ የሚሞላው በትምህርት ቤት ብቻ ቢሆን ብዙዎቻችን ተስፋ በቆረጥን ነበር። ስምንተኛ ክፍል አቋርጣ የመጣች እኅት እዚህ አለች፤ ፊደል ያልቆጠረችም አለች። ይህን ልንገራችሁ። ኤለን ቢያሊስቶክና ባልደረቦቿ በ2007 ከቶሮንቶ እንደጻፉት፣ ሁለት ቋንቋ ሲናገሩ የኖሩ ሕሙማን ላይ የመርሳት ምልክት የታየው አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚናገሩት አራት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። በ2013 ደግሞ ሕንድ ውስጥ ሃይደራባድ ላይ 648 ሕሙማን ታይተው ልዩነቱ አራት ዓመት ተኩል ሆነ፤ ማንበብና መጻፍ በማይችሉት ላይም ታየ። ሁሉም ጥናት በዚህ አይስማማም፤ ሰዎችን ከጤንነታቸው ጀምረው የተከታተሉ አንዳንዶች ልዩነት አላገኙም። ቢሆንም አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ይዘሽ መጥተሽ በአንድ ዓመት ውስጥ በአረብኛ ከማዳም ጋር የተከራከርሽ እኅት፣ ያ ራስ ምታት ከንቱ የቀረ አይመስለኝም። አሁንም ፊደሉን ተማሪው። የአውቶቡሱን ጽሑፍ፣ የመድኃኒቱን ማሸጊያ አንብቢው። አዲስ የሆነውና የሚያስቸግረው ነገር ነው የሚሠራው።

እዚህ ላይ ነው ስለ እናቴ የምናገረው። ከእንግዳ ሰው ይልቅ ስለ እሷ መናገር ይከብደኛል።

እማዬ አልተማረችም። ደሴ ሰኞ ገበያ ጥጥ ትገዛ ነበር፤ ትዳምጣለች፣ ታባዝታለች፣ በእንዝርት ትፈትላለች፣ ከሸማኔው ጋር በድርና በማግ ሒሳብ ትከራከራለች። የሰፈሩ የሴቶች ዕቁብ ሰብሳቢም ነበረች። ደብተር የለም። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረው፣ ማን በልቶ ማን ይቀረዋል፣ ማን ለማን ዕጣውን አሳለፈ፣ ሁሉንም በቃሏ ትይዝ ነበር። ሠላሳ ሴት ናቸው። አንድም ቀን ተሳስታ አልሰማሁም።

እኔ አማን ገብቼ ደመወዝ ስልክ ምን አደረግሁ? ያደረግሁት ልጅ ሁሉ የሚያደርገውን ነው። «እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ» አልኳት። ሠራተኛ ተቀጠረችላት። ገበያው ቀረ፤ ጉልበቷን ያማታል ብዬ። ፈትሉ ቀረ፤ ዓይኗን ያደክማል ብዬ። ዕቁቡን ለወጣቶቹ አስረከበች፤ ምን አደከማት ብዬ። ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛሁላት፤ የቱርክ ፊልም በአማርኛ ተተርጉሞ ቀኑን ሙሉ ይመጣል። ጎረቤት «ታድላ፣ ልጅ ወልዳ» አለ። በአምስት ዓመት ውስጥ በስልክ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ መጠየቅ ጀመረች። ከዚያ ለጠየቅኋት ሁሉ «እሺ እሺ፣ ደህና ነኝ» ብቻ ማለት አመጣች። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ «ዕድሜ ነው» ብሎ መለሳት። እኔም፣ ነርሷ፣ ቴታን ያየሁት፣ ጃጀች አልኩ።

ዕረፍት ወስጄ ስሄድ ያገኘሁት ሌላ ነው። እማዬ አትሰማም ነበር። ጆሮዋ በኩክ ተደፍኗል፤ ከዚያም ውጭ መስማቷ ቀንሷል። ላልሰማችው ነገር ነበር «እሺ እሺ» የምትለው። አንድ ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል። የግፊት መድኃኒቷን «ሻል ሲለኝ ተውኩት» አለችኝ፤ ስለካላት ከላይ ያለው ቁጥር 180 አልፏል።

ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የሊቃውንት ቡድን በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ ከመቶ 45 ያህሉ መከላከል ወይም ማዘግየት ከሚቻሉ 14 ነገሮች ጋር የተያያዘ ነው ብሏል። ሁሉንም አልቆጥርላችሁም። የጆሮ መድከም ከትልልቆቹ አንዱ ነው፤ ያልታከመ ዓይን አለበት፣ ደም ግፊት አለበት፣ ስኳር አለበት፣ ሲጋራ አለበት፣ ብቸኝነት አለበት። ጆሮ ሲደክም አንጎል ድምፁን ለመለየት ብቻ ይታገላል፣ ሰውየውም ከጨዋታ እየሸሸ ይሄዳል። ደም ግፊትም የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች ቀስ እያለ ይጎዳል፤ ጉዳቱ ደግሞ በአርባዎቹ ዕድሜ ሊጀምር ይችላል። በሽታው ራሱ ምልክቱ ከመታየቱ አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ቀድሞ አንጎል ውስጥ ይጀምራል። ስለዚህ «ይህ የአሮጊቶች ወሬ ነው» ብላችሁ ከኋላ የምትሣሣቁት፣ ሰምቻችኋለሁ፣ የምናገረው ለእናንተም ነው። ስትወጡ በሩ አጠገብ የግፊት መለኪያ አለ፤ በነጻ ነው።

ለአረጋውያን ተንከባካቢዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ድንገት ቢቀባዥሩ፣ ሰው ቢምታታባቸው፣ ሌሊት ቢነሡ፣ ያ መጃጀት አይደለም። የመርሳት በሽታ በሁለት ቀን አይመጣም። የሽንት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አገር በጋ ውኃ ማነስ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ የተጀመረ የእንቅልፍ ክኒን ሊሆን ይችላል። ለማዳም ወዲያው ንገሪ፣ ሐኪም ይያቸው። ቀስ ብሎ በሚመጣውም ቢሆን የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ ድብርት የመርሳት በሽታ መስለው ይመጣሉ፤ ሦስቱም የሚታከሙ ናቸው።

ስልክ ላይ ስላለው የአእምሮ ጨዋታ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ለእናቷ በየወሩ የሚከፈልበት መተግበሪያ ልትገዛ የነበረች እኅት አውቃለሁ። አሜሪካ ውስጥ አክቲቭ የተባለ ትልቅ ሙከራ ተደርጓል፤ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ 2,832 ሰዎች አንዳንዶቹ የማስታወስ፣ አንዳንዶቹ የማገናዘብ፣ አንዳንዶቹ ቶሎ የመለየት ልምምድ አደረጉ። እያንዳንዱ ቡድን የተሻሻለው በተለማመደው ነገር ነው። ቶሎ መለየትን የተለማመዱት ላይ ከዓመታት በኋላም ተስፋ የሚሰጥ ነገር ታይቷል። ነገር ግን ቁጥር ማስታወስ የለመደ ሰው በዚያ ምክንያት የጎረቤቱን ስም ማስታወስ አልጀመረም። ሉሞሲቲ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ ጨዋታው መርሳትን ይከላከላል የሚል ማስታወቂያ ሲያስነግር ቆይቶ፣ የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማስረጃ የለህም ብሎ ስለ ከሰሰው በ2016 ሁለት ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጠው ጊንኮም እንዲሁ ነው፤ ከ3,000 በሚበልጡ አረጋውያን ላይ ተሞክሮ በ2008 ውጤቱ ሲወጣ በሽታውን አላስቀረም። ገንዘባችሁን ያዙ። በዚያ ገንዘብ የጆሮ ሐኪም ይታያል።

ከዚያ ይልቅ ሰው ያለበት ጨዋታ ይሻላል። ከመሐል ከተማው ሁሴይኒ መስጊድ ወረድ ብላችሁ ቡና ቤቶቹን እዩ። ሽማግሌዎቹ ታውሌ የሚባለውን የገበታ ጨዋታ ሲጫወቱ ዳይሱን ወርውረው ቁጥሩን በአረብኛ አይጠሩትም፤ «ሼሽ ቤሽ» ይላሉ፣ ከፋርስና ከቱርክ የመጣ አጠራር ነው። እጅ ዳይስ ይወረውራል፣ ዓይን ይቆጥራል፣ አፍ ይሳደባል። የሁለቱ ዳይስ ቁጥር እንደታየ ዝም ብሎ ጠጠር የሚያነሣ የለም፤ ባላጋራው ምን ያስባል ብሎ ይሰላል። ብቻ እዚያው ወንበር ላይ አርጊሌውን፣ ሺሻውን ማለት ነው፣ ይስባሉ፤ ጥቅሙንም ጉዳቱንም በአንድ ሒሳብ። የጆርዳን ወንዶች በትምባሆ ከዓለም ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን የተከታተለው የ2003 ጥናት፣ ማንበብ፣ የገበታ ጨዋታ፣ የሙዚቃ መሣሪያ መምታትና ጭፈራ ከመርሳት በሽታ መቀነስ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል ይላል። ከሰውነት እንቅስቃሴዎች መካከል ለብቻው ነጥሮ የወጣው ጭፈራ ነው። እስክስታ ያለው ሕዝብ ምን ጎደለበት? በእርግጥ ጤነኛው ነው የሚጨፍረው እንጂ ጭፈራው ነው ጤነኛ ያደረገው ለማለት አይቻልም የሚል ክርክር አለ፤ ልክ ነው። እኔ ግን እስኪጣራ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም።

እኛም ገበጣ አለን። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በጻፈው ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉትን የገበጣ አጨዋወቶች ሲመዘግብ ከመቶ በላይ ደርሰዋል። መሬት ተቆፍሮ፣ በጠጠር፣ ያለ አንዲት ሳንቲም። እንቆቅልሽ አለን። የቅኔ ቤት ተማሪ መጽሐፍ ሳይዝ በቃሉ እየቆጠረ ቅኔውን ይዘርፋል፤ ቁርኣን የሚሐፍዘው ልጅም እንደዚያው በቃሉ ይይዛል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሠላሳ ዓመት የደገምነውን ጸሎት መድገም ለነፍስ ነው፣ በዚያ አልገባም። ለአእምሮ ግን አዲስ የሚያዘው መዝሙር፣ አዲስ የሚያዘው ሱራ ነው ሥራ የሚሆነው። ከዚህ ወደ ምዕራብ፣ በሰማይ ቢለካ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም ውስጥ ፒያኒስቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነበሩ። በ1923 ተወልደው በ2023 አረፉ። የሙዚቃ ድርሰቶቻቸው ተሰባስበው በመጽሐፍ የታተሙት ዘጠና ዓመት ሲሆናቸው ነው። ፒያኖ ከመርሳት ያድናል አልልም፤ በዘጠና ዓመታቸው «ተቀመጡ» ያላቸው ሰው የነበረ ግን አይመስለኝም፤ ደስ ይለኛል።

ወደ ደረጃው እመለሳለሁ ብዬ ነበር። በ2011 የታተመ አንድ ሙከራ 120 አረጋውያንን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን በሳምንት ሦስት ቀን አርባ አርባ ደቂቃ አራመዳቸው፤ ሌሎቹን አካል ማፍታታት ብቻ አሠራቸው። በዓመቱ አንጎላቸው ፎቶ ሲነሣ የተራመዱት ሰዎች ሂፖካምፐስ ከመቶ ሁለት ያህል ጨምሯል፤ የሌሎቹ ቀንሷል። አልዛይመር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምርበት ቦታ ማለት ነው። ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆኑ 1,260 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ለግማሾቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ምግብ ተስተካክሎ፣ እንቅስቃሴ ተጨምሮ፣ አእምሮ እየተለማመደ፣ ግፊትና ስኳር እየተለካ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ሲሆን በአእምሮ ፈተና ከሌሎቹ ተሽለው ታዩ። ውጤቱ በ2015 ነው የወጣው። ስለዚህ ከጀበል ወይብዴ ወደ መሐል ከተማ ስትወርዱ በሰርቪስ ታክሲ አትውረዱ። ቴታችሁንም፣ ጉልበታቸው ከፈቀደ፣ እስከ ዳቦ ቤቱ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዳቦውንም እሳቸው ይግዙ፣ መልሱንም እሳቸው ይቁጠሩ። ሲያዘገዩ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ይቆጣል። ይቆጣ።

ብቸኝነት የአሮጊቷ ብቻ አይደለም። በ2009 የወጣው የጆርዳን የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣል፤ ዛሬ እዚህ ያልመጡት ግን ፈቃድ አጥተው እንጂ ያልፈለጉ አይደሉም። ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ ወር የሚያልፍባቸው ልጆች አሉ። ቡና ስታፈሉ ስልክ ከፍታችሁ አስገቧቸው፤ አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም በስልክ ይጨዋወቱ።

ስለ እማዬ ጀምሬ ነበር። ጆሮዋ ተጠረገ። የዓይን ሞራዋ ተነሣ። የግፊት መድኃኒቷን በየማታው ስደውል ከእኔ ጋር ትውጣለች፤ ጆርዳን ከ2022 ወዲህ ሰዓቱን ማዘዋወር ስለ ተወ ከደሴ ጋር አንድ ዓይነት ሰዓት ነው የምንቆጥረው፣ ለዚህ ይመቻል። ሠራተኛዋን አላሰናበትናትም፤ ሰኞ ሰኞ ግን ወደ ገበያ የሚሄዱት አብረው ነው፣ ዋጋ የምትከራከረው እማዬ ናት። እንዝርቷም ወጣ። አሁንም ትረሳለች። የእኔን ልጅ ስም ከእኅቴ ልጅ ስም ጋር ታምታታለች፤ ወደ ድሮዋ ተመለሰች ብዬ አልነግራችሁም።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ዕቁቡ ነበር። ሴቶቹ እንድትመለስ ወደዱ፣ ፈሩም፤ ገንዘብ ነው። በመጨረሻ የተስማማነው አንዲት ወጣት በደብተር ትጻፍ፣ እማዬ በቃሏ ትያዝ፣ በየወሩ ይተያዩ ተብሎ ነው። ስድስት ወር ተስማሙ። ባለፈው ወር ደብተሩና እማዬ ተለያዩ፤ አንዲት ሴት ከፍላለች አልከፈለችም ተብሎ ግማሽ ቀን ተጨቃጨቁ። ሴትየዋ ራሷ ተጠራች፤ ደብተሩ ነበር ልክ። እማዬ ግን እስከ ትናንት ማታ ድረስ አላመነችም። «ልጂቷ እኮ ገና ናት፣ ጻፈች ማለት አወቀች ማለት ነው እንዴ?» አለችኝ፤ ከዚያ የሠላሳውንም ስም በየተራ ጠራችልኝ።